የእትዬ አረጋሽ መዳፍ

ጎረቤቴ እትዬ አረጋሽ ማረፋቸውን ያወቅሁት ከዝምታው ነው። ማለዳ ማለዳ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «መምህር! ዛሬም እንደ ሙሽራ ተኝተሃል?» ሳይሉኝ ቀርተው አያውቁም። የዚያን ዕለት ድምፃቸው ጠፋ። ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ፤ አጥሩ ላይ ማንም የለም። ወዲያው የትልቋ ልጃቸው የአልማዝ ጩኸት ተሰማ። የጫማዬን ማሰሪያ ሳላስር ሮጥሁ።

አልጋቸው ላይ በሰላም ተኝተዋል። ቀኝ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ወጥቶ መዳፉ ወደ ላይ ተዘርግቷል። የገባው ሰው ሁሉ ፊታቸውን እያየ ያለቅሳል። እኔ ግን ዓይኔ ከዚያ መዳፍ ላይ አልነሣ አለኝ፤ እንባም እምቢ አለኝ። ያ መዳፍ አንድ ቀን በሰው አገር ያደረገውን በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን የምጽፈውም እሱን ለመናገር ነው።

እትዬ አረጋሽ በሆሳዕና ገበያ የታወቁ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ቅቤውን የሚያመጡት ከጃጁራና ከፎንቆ ገበያ ነው። አንዳንድ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለኝ አብሬያቸው እሄድ ነበር። በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ቅጠሉን ይገልጣሉ፤ ከዚያ ቀጭን እንጨት እስከ መሐሉ ድረስ ይሰዳሉ፤ አውጥተው ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ። ሻጯ የገዛ እህታቸው ብትሆንም ይህን አያስቀሩም። «ተከፍቶ ያላየሁትን አልገዛም» ይላሉ። «ሰውንም ቢሆን አፉን ከፍቶ ካልሰማሁት አላምነውም።»

ይህ ጠባያቸው ከቅቤ አልፎ ሁሉም ነገር ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ጊዜ ፍራሽ ሊገዙ አብሬያቸው ሄጄ፣ ስፌቱን ተርትሮ ውስጡን ካላሳየኝ አልገዛም ብለው ሻጩን ልጅ አስጨንቀው፣ በመጨረሻ አስተረተሩት። እኔ በሳቅ ስሞት እሳቸው ግን እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ፍራሹ ውስጥ ከትተው እንደ ሐኪም ይመረምሩ ነበር። ፍራሹ ደህና ሆኖ ስለተገኘ ልጁን መርቀው፣ የተተረተረውን ራሳቸው ሰፍተው ወሰዱ።

ሌላው የሚታወቁበት ነገር ለመጠጥ ያላቸው ጥላቻ ነው። ጥላቻውም እንዲያው የመጣ አልነበረም። የተወለዱት ሞርሲቶ አካባቢ ነው፤ እናታቸው አረቄ እያወጡ ይሸጡ ነበር። ትንሿ አረጋሽ ያደገችው ለጠጪዎች መለኪያ እያቀረበች ነው። ባለቤታቸው ሹፌር ነበር፤ ደግ ሰው ነበር ይላሉ የሚያውቁት። አረቄ ጉበቱን በልቶ በጎልማሳነቱ ገደለው። ሦስት ልጆች ይዘው ቀሩ።

ከዚያ ወዲያ እትዬ አረጋሽ በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ኅብረት መሪ ሆኑ። አረቄ የሚያወጡትን ሴቶች በየቤታቸው እየሄዱ «ይህን ድፊና ነይ» ይሏቸዋል። የምትተዳደርበት የሌላት ሴት ብትደፋ ምን ትበላለች እንዳይባል፣ በዊጆ ያስገቧታል። ዊጆ የእኛ አገር ሴቶች ቅቤ እያዋጡ በተራ የሚወስዱበት ማኅበር ነው። የመጀመሪያውን ተራ ለአዲሷ ሴት ይሰጣሉ። በዚህ ዓይነት የእኛ ሰፈር አረቄ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘጉ። ሰካራሞቹ እትዬን ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ነበር። ከነዚህ ሰካራሞች አንዱ፣ አቶ ሀንዳሞ የሚባሉ፣ ጠርሙሳቸውን እትዬ ከእጃቸው ነጥቀው ከደፉባቸው በኋላ ተለውጠው ጭራሽ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሆኑ። እሳቸውን አትርሱብኝ፣ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ በየዓመቱ ሚካኤልን እንዘክራለን፣ ጠላም ይጠመቃል። እትዬ አረጋሽ አንድም ዓመት ቀርተው አያውቁም። ለስላሳቸውን በነጠላቸው ሥር ይዘው ይመጡና ከጋኑ ርቀው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን «እትዬ፣ ሽታው እኮ አይኮንንም፣ ጠጋ ይበሉ» ብዬ ቀለድሁባቸው።

«እኔ ሽታውን ፈርቼ አይደለም መምህር» አሉኝ። «ሽታው ያውቀኛል።»

ከዚያ ቀን ወዲያ በዚህ ነገር ቀልጄባቸው አላውቅም።

የመጨረሻ ልጃቸው ማቲዎስ እንደ ብዙ የአካባቢያችን ወጣቶች ደቡብ አፍሪካ ገባ። ኬፕታውን ዳርቻ ሱቅ ከፈተ። አንድ ጊዜ ረብሻ ተነሥቶ ሱቁን ዘረፉት፤ እሱ በጓሮ በር ወጥቶ አመለጠ። እትዬ ይህን ሲሰሙ ለሳምንት እህል አልበሉም። ማቲዎስ ግን እንደገና ቆሞ ሱቁን መልሶ ከፈተ፤ ከዚያም ኖምሳ የምትባል የዚያው አገር ልጅ ወደደ። ኖምሳ የመዝናኛ መርከብ ቲኬት በሚሸጥበት ቢሮ ትሠራለች። አባቷ ሲፖ የወደብ ጡረተኛ ነው፤ ኋላ ወዳጄ ስለሆነ አንቱ አልለውም። ልጁን ለመጤ ሱቅ ነጋዴ አልሰጥም ብሎ አሻፈረኝ አለ። ኖምሳ ደግሞ ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም አለች።

ብልሃት ያገኘችው ራሷ ኖምሳ ናት። ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ቤተሰብ ቲኬት በቅናሽ ይሰጣል፤ ሁለቱን ቤተሰብ ለሦስት ቀን አንድ መርከብ ላይ ላሳፍራቸው አለች። አባቷ ማቲዎስ ቤት አይሄድም፣ ማቲዎስንም ቤቱ አያስገባም፤ መርከብ ላይ ግን መሄጃ የለውም፣ ባሕር ነው። አባትየውም ሚስቱ ስላስጨነቀችው ብቻ እሺ አለ።

እትዬ አረጋሽ ነገሩን ሲሰሙ አጥሩ ላይ ጠሩኝ።

«መምህር፣ ፓስፖርት አውጣ። ያለ ሽማግሌ ልጅ አይጠየቅም። አንተ እንግሊዝኛ ታውቃለህ፣ ጠጉርህም ሸብቷል። ሁለት ሥራ በአንድ ቲኬት።»

«እትዬ፣ ልጅቷ የኛ አገር ሰው አይደለችም፤ ሃይማኖቷም…»

«እሱን ጌታ ያውቃል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። እዚያ አገር ልጄን የኔ የሚለው ሰው ከሌለ፣ ነገር የተነሣ ቀን ማን በሩ ላይ ይቆምለታል?»

ፓስፖርቴን አወጣሁ። ሄድን።

ኬፕታውን ደርሰን ባደርን በነጋታው ማቲዎስ ለብቻዬ ወሰደኝ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ አንድ ችግር አለ። በነሱ ባህል ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ መጠጥ ያቀርባል። የአፍ መክፈቻ ነው የሚሉት። ጠርሙስ ሳይቀርብለት አባቷ አንድ ቃል አይመልስም። ይሄንን ለማማ እንዴት አድርጌ ልንገራት?»

መርከቡ ላይ የመጠጥ ዋጋ አይቀመስም አለኝ፤ ከውጭ ይዞ መግባት የሚፈቀደውም ለአንድ ሰው አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመሳፈራችን በፊት ከተማው ውስጥ ዋጋው የሚቀመስ ወይን መግዛት አለብን። «ይሄማ ምን ችግር አለው፣» አልሁት። «ሽማግሌው እኔ ነኝ፤ እገዛለሁ፣ ተሸክሜ እገባለሁ፣ አቀርባለሁ። እናትህ መስማትም የለባቸውም።» ልጁ እፎይ አለ።

የመሳፈሪያው ቀን ወደ ወደቡ ስንሄድ መኪናው ውስጥ ሆነን ማቲዎስ በዓይኑ ሱቁን አሳየኝ፣ እኔም በዓይኔ እሺ አልሁት። እትዬ ከኋላ ተቀምጠዋል።

«ሁለታችሁ በዓይን የምትነጋገሩት ምንድን ነው?» አሉ።

መደበቅ አልቻልንም። ማቲዎስ እየተንተባተበ ነገራቸው። እትዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ነበር።

«የአማት እጅ መንሻ በሌላ ሰው እጅ ይገዛል?» አሉ በመጨረሻ።

«እትዬ፣ እኔ ብገዛው ኃጢአቱም የእኔው ነው» አልኋቸው።

«ልጁስ ያንተ ነው?»



«መኪናውን አቁም» አሉት ልጃቸውን።

ሱቁ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ጠርሙስ ነው። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። «ይህን ሁሉ የሚጠጣው ሰው የት አለ?» አሉ። ከዚያ ነጠላውን አወረዱና፣ ፎንቆ ገበያ እንደገቡ ሁሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በየመደርደሪያው መዞር ጀመሩ። ሻጯ ልጅ ውድ ውዱን ስታሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውድ ይዞ የሚመጣ ሰው ልጅቷን ሊገዛ የመጣ ይመስላል። ሰውየው ይከፋዋል» አሉኝ። በመጨረሻ ወፍ የተሳለበት፣ መሐለኛ ዋጋ ያለው ቀይ ወይን አነሡ።

እኔ ሒሳብ ለመክፈል ሄድሁ። ማቲዎስ ውጭ ከኖምሳ ጋር በስልክ ያወራል። ጀርባዬን እንደሰጠሁ «ጷ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ በምልክት ልጅቷን ቡሹን አስነቅለዋት፣ የጠርሙሱን አፍ አፍንጫቸው ሥር አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እያሸተቱ ነው። ሻጯ አፏን ከፍታ ታያቸዋለች። ዓይናቸውን ሲገልጡ እንባ አቅሯል።

«ደህና ነው» አሉ። «አልተበላሸም።» ቡሹን መልሰው በመዳፋቸው መቱና ጠርሙሱን በነጠላቸው ጠቀለሉት።

ታዲያ እኔ፣ የተማርሁት ሰው፣ አንድ ነገር አልታየኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ከእሳቸው አገር ገበያ ስገዛ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ሳይከፈት የሚገዛ ነገር ነው የሚገርመኝ። ማቲዎስም በነጠላ የተጠቀለለውን ጠርሙስ ተቀብሎ መኪናው ውስጥ አስቀመጠ።

ወደቡ ላይ የኖምሳ ቤተሰብ ቀድሞን ደርሷል። ሲፖ ረጅም ሰው ነው፤ ባርኔጣ አድርጎ ከሁላችንም ራቅ ብሎ ቆሟል። እትዬ ጎንበስ ብለው ሰላም ሲሉት ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ሚስቱ አቅፋ ሳመቻቸው። ሰልፍ ይዘን ወደ ፍተሻው ገባን፤ ሻንጣው በማሽኑ አለፈ፤ ጠርሙሱ ጋ ሲደርስ ፈታሹ ነጠላውን ገለጠና ቡሹን ነካ ነካ አደረገው።

«ይህ ተከፍቷል» አለ። «የተከፈተ መጠጥ አይገባም። ወይ እዚያ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉት፣ ወይ እዚሁ ጨርሱት።»

ሲተረጎምላቸው እትዬ መጀመሪያ አልገባቸውም። «ሳይከፍቱት እንዴት ያምኑታል?» አሉኝ። ኖምሳ ፊቷ አመድ መሰለ። ሱቁ ሩቅ ነው፣ የመሳፈሪያው በር ሊዘጋ ነው። ማቲዎስ «ማማ፣ ተይው፣ ውስጥ እንገዛለን፤ የፈለጉትን ያህል ያስከፍሉ» አላቸው። እኔም ጠርሙሱን ከእጃቸው ልወስድ ስል ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«ልጁን የምጠይቀው ሰው እያየኝ እጅ መንሻዬን ቆሻሻ ውስጥ ልጣል? መምህር፣ ንገረው። ሽምግልናው እዚህ ነው።»

ከሰልፉ ወጣን። ማቲዎስ ከሻይ መሸጫው የወረቀት ኩባያ ይዞ መጣ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ሲፖ ፊት ቆሙ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ እየተረጎምሁ ነው።

«አቶ ሲፖ፣ እኔ ከሩቅ አገር የመጣሁ እናት ነኝ። የልጄ አባት በሕይወት የለም፤ ቢኖር እሱ ነበር እዚህ የሚቆመው። ይህ በእናንተ ባህል አፍ መክፈቻ ነው ብለውኝ ነው። ተቀበለኝ።»

ሲፖ ጠርሙሱን አየው። እጁን አልዘረጋም። ያን ቀን ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው፤

«ለምን ተከፈተ?»

የሚስቱ ዓይን መሬት ላይ ወደቀ። ሰውየው ምን እንዳሰበ ገባኝ፤ ወይ ጠጥተን የተረፈንን ሰጠነው፣ ወይ አንድ ነገር ጨምረንበታል። በሁለቱም መንገድ ውርደት ነው። ማቲዎስ ላብ አጥምቆታል። እኔ ላስረዳ ተነሣሁ። ስለ ፎንቆ ገበያ ነገርሁት፤ ቅቤ በቅጠል እንደሚጠቀለል፣ በእንጨት እንደሚወጋ፣ አንዳንድ ሌባ ነጋዴ መሐሉ ላይ ባዕድ ነገር እንደሚከት… ባስረዳሁ ቁጥር ነገሩ እየባሰ ሄደ። ባዕድ ነገር የሚለውን ስናገርማ ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ተው መምህር» አሉኝ እትዬ።

ቡሹን ነቀሉ። ቀኝ መዳፋቸውን ዘርግተው ከጠርሙሱ ጥቂት አፈሰሱበት። ቀዩ ወይን መዳፋቸው ላይ አቀረረ። ሊያደርጉ ያሰቡትን ነገር አውቄ ደነገጥሁ። በእኛ አገር መጠጥ የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ አድርጎ ይቀምሳል፤ ንጹሕ ነው፣ እኔም እጠጣዋለሁ ለማለት ነው።

«እትዬ፣ አይሆንም! እኔ ልቅመስልዎት። ሽማግሌው እኔ ነኝ።»

«የሚቀምሰው የሰጠው ነው» አሉኝ። «እናቴ ያልቀመሰችውን ለሰው ሰጥታ አታውቅም።»

ማቲዎስ «ማማ» ብሎ ቀረ። እትዬ አረጋሽ፣ የሰፈሩን አረቄ ሁሉ ያስደፉት ሴት፣ ባላቸውን መጠጥ የቀበረባቸው ሴት፣ መዳፋቸውን ወደ አፋቸው አምጥተው ጠጡት። አልተፉትም። ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ሲፖን ፊት ለፊት እያዩት ዋጡት። ከዚያ በወረቀቱ ኩባያ ቀድተው በሁለት እጃቸው ዘረጉለት።

እኔ በሕይወቴ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። እንዲያ ያለ ነገር ግን አይቼ አላውቅም።

ሲፖ ወደ ልጁ ዞሮ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቃት። ኖምሳ እያለቀሰች መለሰችለት፤ ስለ አረቄው፣ ስለ ባለቤታቸው፣ መጠጥ በአፋቸው ዞሮ እንደማያውቅ ማቲዎስ የነገራትን ሁሉ ነገረችው። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። ኩባያውን እንደሳቸው በሁለት እጁ ተቀበለ፣ እንደ ባህሉ ጠብታ መሬት ላይ አፈሰሰ፣ ፈታሹም አላየሁም ብሎ ፊቱን አዞረ። ጠጣና አፉን ጠረገ።

«አፌ ተከፍቷል» አለ። «ከመጠየቅሽ በፊት ግን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጄ ወደ አገራችሁ ብትመጣ፣ ክፉ ቀን ቢመጣባት፣ ማን በሯ ላይ ይቆምላታል?»

እትዬ አጥራችን ላይ ሆነው ይህንኑ ጥያቄ ቃል በቃል እንደጠየቁኝ ለሲፖ አልነገርሁትም፤ ማቲዎስም አያውቀውም። ተርጉሜ ሳልጨርስ ደረታቸውን መቱ።

«እኔ።»

ጠርሙሱን ሲፖ፣ ሚስቱና እኔ እዚያው ጨረስነው፤ ያለኔ እገዛ አያልቅም ነበር። ከዚያ ተሳፈርን። ስለ መርከቡ ብዙ የምለው የለኝም። እትዬ የመጀመሪያውን ቀን ሲያስመልሳቸው ዋለ፤ ባሕሩ ነው ይላሉ፣ እኔ ግን አፋቸውን በውኃ ሲጉመጠመጡ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። በቀረው ጊዜ ከሲፖ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ። እሱ ሻይ ያስመጣላቸዋል፣ እሳቸው በሀዲይኛ ያመሰግኑታል። እኔን ለትርጉም የጠራኝ የለም።

ሆሳዕና በተመለስን በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ መላ ሰፈሩን ያዳርሳል። የእትዬን ድምፅ ሰማሁ። ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸው ተነሥተው ያደረጉትን አንድ ሳያስቀሩ እየተናገሩ ነው። ቀጥሎ የአቶ ሀንዳሞ ድምፅ መጣ፤

«እህታችን አረጋሽ፣ ንስሐ ገብተዋል?»



«ስለ ጉሮሮዬ ገብቻለሁ» አሉ እትዬ። «ስለ እጄ ግን አልገባም።»

ሽማግሌዎቹ መከሩ። የሴቶች ኅብረት መሪነታቸው ተወሰደ፤ ሙሉ ንስሐ እስኪገቡም ከጌታ እራት ታገዱ። እኔ ደሜ ፈላ። ምስክር ነኝ፣ አየሁ፣ እሄዳለሁ፣ ያን ሀንዳሞን ማን እንዳዳነው አስታውሰዋለሁ ብዬ ጋቢዬን ይዤ ስወጣ አጥሩ ላይ አገኙኝ።

«መምህር፣ አርፈህ ተቀመጥ። የጠጣ ይታገድ የሚለውን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«እትዬ!»

«በዚህ ሕግ ስንት ሴት ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጫለሁ። ለነሱ ልክ የነበረ፣ ለእኔ ሲደርስ ተሳሳተ ልበል?»

«እንግዲያው ሙሉ ንስሐ ይግቡና ይብቃ!»

«ውሸት ልናገር?» አሉኝ፤ ደንግጠው።

ሄደው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቀን እስከ ሞቱበት ድረስ እዚያው ነበሩ። ሲያማርሩ አልሰማሁም። የጌታ እራት ሲታደል ዓይናቸውን ጨፍነው እንደሚቀመጡ አልማዝ ነግራኛለች። አቶ ሀንዳሞም መንገድ ላይ ሲያዩአቸው፣ እንደ ድሮ የመጠጥ ዘመናቸው፣ ዞር ብለው ያልፉ ነበር። ማቲዎስና ኖምሳ ተጋቡ፣ ወለዱ። ኖምሳ ልጇን ይዛ ሆሳዕና የመጣች ቀን እትዬ ገና ማለዳ ወጥተው የግቢው በር ላይ ቆሙ። ወንበር ባወጣላቸው አልቀመጥም አሉ። መኪናው እስኪደርስ፣ ኖምሳ በፊታቸው አልፋ እስክትገባ ድረስ ቆመው ነበር።

ካረፉ በሦስተኛው ቀን ማቲዎስና ኖምሳ ደረሱ። ሲፖም አብሯቸው መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ምግብ ቀረበለት፣ አልነካውም። «ከአውሮፕላን ከወረደ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረም ጋሼ፣ ውኃም አልጠጣም» አለኝ ማቲዎስ። አጠገቡ ተቀመጥሁ።

አቶ ሀንዳሞ መጡ። በጣም አርጅተዋል። የድንኳኑ በር ላይ ቆመው ሰዉን ሲያማትሩ ቆዩና በምርኩዛቸው ሲፖን አመለከቱኝ።

«ያ ሰውዬ ይሄ ነው?»

«እሱ ነው» አልኋቸው።

ከጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ አነሡ። ለዘመዶቻቸው ሊሰጡ ነው ብዬ ነበር። ምርኩዛቸውን ለልጅ አስይዘው፣ ቀስ እያሉ፣ ወንበሩን እያለፉ እኛ ፊት መጥተው ቆሙ። ክዳኑን ከፈቱ። በጨዋታ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። አቶ ሀንዳሞ ቀኝ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ውኃ አፈሰሱበት፤ ወደ አፋቸው አምጥተው ቀመሱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ለሲፖ ዘረጉለት።

ሲፖ ቀና ብሎ አያቸው። ወደ እኔም ዞረ። ልተረጉምለት የምችለው ነገር አልነበረም። ተነሣ፣ በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ጠብታውን መሬት ላይ አፈሰሰ፣ ጠጣ።

አቶ ሀንዳሞ ከሲፖ ጎን ተቀመጡ፤ እርጥብ መዳፋቸውን ሳይጠርጉ ጉልበታቸው ላይ እንደተዘረጋ ተዉት። እትዬ አረጋሽ ካረፉ ጀምሮ እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር። ያን መዳፍ ሳይ አለቀስሁ።